የእሳት ኪኒን

ሪያድ ውስጥ ብርዱ ሊገባ ሲል የድንኳን ሱቆች ዕቃቸውን እስከ አስፋልቱ ጫፍ ያወጣሉ። ድንኳኑ፣ ቀይ ምንጣፉ፣ የታሰረው ማገዶ፣ የጋዝ ምድጃው ሁሉ እግረኛ መንገዱ ላይ ይደረደርና ከተማው በሙሉ ቤት ሊለቅ የተነሣ ይመስላል። ወንድሜ ናሆም ባለፈው ኅዳር ከጓደኞቹ ጋር በረሃ ሊወጣ ስለነበር "ዋጋ መከራከር አንቺ ታውቂበታለሽ" ብሎ ጎትቶ ወሰደኝ። ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ቁመቱ በልጦኛል፤ ምላሱ ግን ገና አልደረሰብኝም።

ሻጩ አንዲት ትንሽ ካርቶን ሰጠው። ናሆም ከፈታትና አፍንጫውን አስጠግቶ ወዲያው ሸሸ።

"ኧረ ይሄ ነገር ዓሣ ዓሣ ይላል! ጋዝ ሲያልቅባችሁ ይሆናችኋል ብሎ እኮ ነው የሰጠኝ።"

ከእጁ ተቀበልኩት። የሳሙና ቁራጭ የሚያካክሉ ነጫጭ ፍሬዎች፣ እያንዳንዳቸው በብርማ ወረቀት የተሸፈኑ። "ሌላ እንይ ባክሽ፣ ቦርሳዬን ሁሉ ያሸተዋል" አለኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ሆዴ ባባ። የዚህ ልጅ ሥጋ ግማሹ የበቀለው በዚህ ሽታ ነው። እሱ አያውቅም፤ እኔ ግን እንዴት እረሳለሁ?

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ነሲም ሰፈር፣ አራት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ከተሠሩ ሁለት ክፍሎች በአንዱ ነው። ከታች ልጆቻቸው የበዙ የሳዑዲ ቤተሰቦች አሉ። ከላይ የውኃ ታንከሮች፣ የቴሌቪዥን ዲሾች እና እኛ። በሌላው ክፍል የሚኖሩት እትዬ ሰዓዳ ናቸው። ወሎዬ ናቸው፣ የደሴ ዙሪያ ሰው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሰው ቤት እያደሩ የሰው ልጅ አሳድገው፣ አንድ ቀን "ኸላስ፣ ከእንግዲህ በራሴ ትራስ ነው የምተኛው" ብለው የወጡ፣ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ብቻ ቤት የሚያጸዱ ሴት። አጭር፣ ደንዳና፣ ሲራመዱ ጣሪያው የሚሰማቸው። አይሆንም የሚባል ቃል ይጠሉ ነበር። አንድ ነገር አይሆንም ካልኩ "አይሆንም ያልሽው ማንን ጠይቀሽ ነው?" ይሉኛል። እኔም በሆዴ ማን እንደሚጠየቅ አስብ ነበር።

ናሆም ሊወለድ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው እዚያው ሰፈር፣ ሌላ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ጋዝ ፈነዳ። ሰው አልሞተም፤ የእኛ ሕንፃ ባለቤት ግን በማግሥቱ ከጣሪያ ክፍሎች ሲሊንደር ሁሉ ይውረድ ብሎ አዘዘ። ያወረዱት የሕንፃው ዘበኛ፣ ዓም ዑስማን ናቸው። ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲሊንደራችንን በየደረጃው ግው ግው እያደረጉ ሲያወርዱ በየአንዳንዱ ግው "ማዕሌሽ" ይላሉ። ይቅርታ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ሲሊንደሩን የሚያባብሉት መስሎኝ ነበር።

በኤሌክትሪክ አትሠሩም ወይ የሚል ይኖራል። ሞከርነዋ! ጣሪያ ላይ የተዘረጋችው ሽቦ ለአምፖልና ለፍሪጅ እንጂ ለምድጃ አቅም የላትም። አባዬ ምድጃውን በሰካ ቁጥር መብራቱ ድርግም ይላል። በሁለተኛው ቀን ሦስተኛ ፎቅ ያሉትም ሰዎች ጨለመባቸውና ባለቤቱ "አንድ ጊዜ ከደገማችሁ ክፍሉን ልቀቁ" ብሎ ላከብን። ከሰል ደግሞ ጭሱ ከመንገድ ይታያል። አባዬ "እስክትገላገይ ድረስ ከምግብ ቤት እንበላለን" አላት እማዬን፤ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ማናችንም አላሰብንም።

ናሆም ከቀኑ ቀድሞ መጣ። እዚያው ሰፈር ባለች ትንሽ ክሊኒክ ነው የተወለደው፤ ፊቱ የተጨማደደ፣ ጣቶቹ የክብሪት እንጨት የሚያክሉ። ሐኪሟ ሚዛን ላይ አስቀምጣው ቢጫ ካርድ ላይ ጻፈችና አባዬን ወደ ጎን ጠራችው። እጁን ይዤ ስለነበር እኔም አብሬ ሄድኩ። ከዐሥር ቀን በኋላ መልሱት አለችው። ክብደት ካልጨመረ እዚህ አይሆንም፣ ትልቁ ሆስፒታል መተኛት አለበት። አባዬ ዞሮ እማዬን አየ።

እማዬ ወረቀት አልነበራትም። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ከከፊሏ፣ ከአሠሪዋ፣ ቤት ስትወጣ እዚያው ቀርቷል። አባዬ ሰናኢያ፣ የጋራዦቹ ሰፈር ውስጥ ብየዳ ስለሚሠራ የሱ ደህና ነበር። ትልቁ ሆስፒታል የእናትየውን ወረቀት ይጠይቃል፤ ወረቀት ከሌላት ተርሂል አለ፣ ጠርዘው ወደ ሀገር ይልኳታል፤ ልጁ እዚህ አልጋ ላይ፣ እናቱ እዚያ። ይሄን ግን በኋላ ነው የተረዳሁት። ያን ቀን እኔ የገባኝ ካርዱ ብቻ ነው። ስሙ አለበት፣ ቀን አለበት፣ ማኅተም አለበት። ስለዚህ ወንድሜ በተወለደ በሁለተኛ ቀኑ ኢቃማ ወጣለት ብዬ ደመደምኩ፤ የዐሥር ቀን ኢቃማ። ኢቃማ እንደሚታደስ አውቃለሁ፤ አባዬ በየዓመቱ ፊቱ ጠቁሮ ያሳድሳል። የሕፃን ኢቃማ በክብደት መታደሱ ምንም አልገረመኝም። ሕፃን ከመወፈር ሌላ ምን ሥራ አለው?

ሥራውን ግን አልያዘውም። የእማዬ ወተት አልመጣ አለ። የቆርቆሮውን ወተት ሲሰጡት ያስመልሰዋል። እማዬ ግድግዳውን እያየች ትተኛለች፤ ፊት ለፊቷ ከምግብ ቤት የመጣ ሩዝ በፕላስቲክ ሳህን ይደርቃል።

እትዬ ሰዓዳ ከሥራ እንደተመለሱ ገቡ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ወርቅነሽ!" አሉ። ሙስሊም ሆነው ማርያምን መጥራታቸው ወሎን ለሚያውቅ ሰው አይገርምም። ቢላ ከትራሷ ሥር ከተቱ፣ አራስ ያለ ብረት አትተኛምና። ከዚያ ሩዙን አዩት።

"ምንድነው ይሄ?"

"ከብሳ ነው እትዬ" አለ አባዬ።

"አራስ በከብሳ! ወላሂ ታፍራለህ ወንድሜ። ገንፎዋስ?"

"በምን ላገንፋላት? በትንፋሼ?"

የገንፎው ዱቄት እኮ ነበረ። እማዬ ገና ሆዷ ሳይገፋ ከሀገር ቤት ሰው ይዞላት መጥቶ፣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ተቀምጧል። የጎደለው እሳት ነው። ጀራዲያ ሰፈር ያለች የእማዬ ጓደኛ ሰምታ ገንፎ ሠርታ በታክሲ ላከች። መንገድ ተዘጋግቶ ሲደርስ ማንኪያው መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እትዬ ሰዓዳ በጣታቸው አንኳኩተው "ይሄ ለግንብ ይሆናል፤ አራስ ትኩሱን ነው የምትበላው" አሉና ለርግቦች ፈረፈሩት። ርግቦቹም አስበውበት ነው የበሉት።

በማግሥቱ እትዬ ሰዓዳ ከቦርሳቸው መዳፍ የምታህል የታጠፈች ብረት አወጡ። ሁለት ክንፏን ዘረጉላትና ወለሉ ላይ ቆመች።

"የድሮ ማዳሜ ቤት ሄጄ ለምኜ አመጣኋት" አሉ። "በየብርዱ ከሽታ፣ የበረሃ ሽርሽራቸው፣ ይወስዱኝ ነበር። ጋዛቸው በረሃ ላይ ሲያልቅ ልጆቹ በዚች ነው ቡና የሚያፈሉት። የምትበላው ኪኒን ነው፣ ነጭ የእሳት ኪኒን። ጭስ የላት፣ ሲሊንደር የላት።"

አባዬ ምድጃዋን በሁለት ጣቱ አነሣት። በሥራው ብረት ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ንቀት አየሁ።

"እትዬ፣ ይቺ እኮ ለብርጭቆ ሻይ ናት። ገንፎ አይሆንም።"

"አይሆንም ያልከው ማንን ጠይቀህ ነው? አንተ ኪኒኑን አምጣ፤ ለአራሷ እኔ አለሁ።"

አባዬ እኔን ይዞ ወደ ድንኳን ሱቅ ሄደ። ሻጩ ካርቶኖቹን እየጠቀለለ "ከሽታ?" አለው ፈገግ ብሎ። አባዬ የቤቱን ጣጣ ሁሉ ለሻጭ አይዘረዝር፤ "ኢንሻአላህ" አለ። እኔ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከሽታ! የታችኛው ፎቅ ልጆች በየሳምንቱ መጨረሻ በረሃ ውለው ጫማቸው ቀይ አሸዋ ሞልቶ ይመለሳሉ፤ ደረጃው ላይ ሲያራግፉት እኔ ተንበርክኬ በእጄ እሰበስበዋለሁ። አባዬ ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም። ስለዚህ እንሄዳለን። እማዬ ትነሣለች፣ የናሆም ኢቃማ ይታደሳል፣ ከዚያ ቀዩ አሸዋ ላይ ተቀምጠን ሻይ እናፈላለን።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ኪኒኑ በገንፎ አልቆ በረሃ ላይ ባዶ እጃችንን ብንቀርስ? በቤተሰቡ ውስጥ አርቆ የሚያስብ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ፣ በየቀኑ አንዳንድ ፍሬ ከካርቶኑ እያነሣሁ ትምህርት ቤት ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ መክተት ጀመርኩ። መስረቅ ነው ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ኃላፊነት መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ልንሞት ነበር።

አራስን ብርድ እንዳይነካት፣ ምች እንዳይመታት፣ በር ተዘግቶ ነው የሚኖረው። እትዬ ሰዓዳም ሀገራቸው እንደሚደረገው አደረጉ። መስኮቱን ጠረቀሙ፣ በበሩ ሥር ብርድ ልብስ ጎሰጎሱ፣ ምድጃዋን ከእማዬ አልጋ አጠገብ ወለሉ ላይ አቆሙና ክብሪት ጫሩ። ኪኒኑ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ፤ ጭስ እውነትም የለውም። ድስቱ ተጣደ፣ ክዳኑ ተከደነ። ዐይኔ ይለበልበኝ ጀመር። ቀጥሎ ራሴ ከበደኝና እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። ገንፎ ከመብላታችን በፊት ጥጋቡ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ናሆም ሳል የምትመስል ትንሽ ድምፅ አሰማ።

እትዬ ሰዓዳ ቀና ብለው እማዬን አዩ። ከንፈሯ ፈዟል። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው በሩ ተበርግዶ፣ ምድጃዋ ከነድስቷ ወደ ውጭ ስትበር፣ እኔ በክንዴ ተጎትቼ ጣሪያው ላይ ስጣል ነው። እማዬን ከነብርድ ልብሷ፣ ናሆምን ከነመጠቅለያው አወጧቸው። ቀዝቃዛው ነፋስ ፊታችንን መታን።

"ያ ረቢ!" አሉ እትዬ ሰዓዳ ደረታቸውን እየመቱ። "ሁለት ላተርፍ ብዬ አራት ልገድል! ምች ስፈራ በገዛ እጄ!" ተቀምጠው አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እማዬ ናሆምን አቅፋ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ "ምች ይምታኝ እትዬ፣ ምንም አይደል" አለቻቸው። ራሳቸውን እንዳይወቅሱ ብላ ነው። ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ ውጭ ቆየን።

ከዚያ እትዬ ሰዓዳ ፊታቸውን በሻሻቸው ጠረጉና ድስቱን ከወደቀበት አነሡ።

"እሳት ቤት አይገባም። ኸላስ። ያላ፣ ውጭ እናገነፋለን፤ አራሷ እዚያ፣ እሳቱ እዚህ።"

ውጭ ደግሞ ነፋስ አለ። የጣሪያ ነፋስ ክብሪቱን ያጠፋዋል፣ የኪኒኑንም ነበልባል ከድስቱ ሥር እየጎተተ ያወጣዋል። ታንከሩን ተጠግተው ሞከሩ፤ በብርድ ልብስ ከለሉ፣ ብርድ ልብሱ ተለበለበ። በመጨረሻ የተበላሸ የድሮ ዲሽ ከጥግ አንከባልለው አመጡና በጎኑ አቆሙት። ምድጃዋ በዲሹ ጎድጓዳ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ነበልባሉ ቀና አለ። በፀሐይ እሳቱ ስለማይታይ የጠፋ መስሎኝ ጣቴን ሰደድኩና ያልጠፋ መሆኑን በደንብ አወቅሁ።

ውኃው ሲፈላ ዱቄቱ ገባ፤ ማማሰል ሲጀመር ምድጃዋ ተንገዳግዳ ድስቱ ሊደፋ ሆነ። ገንፎ ጉልበት ይፈልጋል፤ ይቺ ብረት ደግሞ ክርን እንኳን አታስደግፍ። ያኔ እትዬ ሰዓዳ የራሳቸውን ዘዴ አመጡ። ውኃውን ከዲሹ ውስጥ አፍልተው ድስቱን ያወርዱታል፣ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ያስቀምጡታል፣ መሬት ተቀምጠው ሁለት እግራቸውን ዘርግተው ድስቱን በጨርቅ በተጠቀለለ እግራቸው ግራና ቀኝ ጥብቅ አድርገው ይይዙታል። ከዚያ እኔ ዱቄቱን በጭብጥ እየበተንኩ እሳቸው አባዬ በጠረበው እንጨት ያማስሉታል። ትከሻቸው ይወርዳል ይወጣል፤ ላብ ካገጫቸው ይንጠባጠባል። ሲጠጥር ውኃ ጠብ አድርገው ለመጨረሻዋ አንድ ኪኒን ወደ ዲሹ ይመልሱታል፣ እንዲበስል። ሦስት ኪኒን ለውኃው፣ አንድ ለማብሰያው፤ በቀን አራት። ኪኒኑ አንዴ ከነደደ ቀስ በል አይባል፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር አጠገባቸው ተደርድሮ ነው ክብሪት የሚጫረው። እኔ ዱቄት ሳዘገይ "እሳቱ አንቺን አይጠብቅም!" ይሉኛል።

እማዬ የመጀመሪያውን ገንፎ ስትበላ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤና በርበሬው ሞልቶታል። አንድ ጉርሻ አጥቅሳ ዋጠች፣ ዐይኗን ጨፈነች፣ ሁለተኛ አጠቀሰች። ግድግዳውን አላየችም። እኔ እንባዬ መጣ፤ ገንፎው ስላማረኝ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

የእኔ ሥራ ድስቱን መፈተግ ነበር። ኪኒኑ የድስቱን ቂጥ ቡናማ ሙጫ ያለብሰዋል፣ በቀላሉ አይለቅም። በደረጃው ላይ የለቀምኩትን ቀይ አሸዋ ለዚህ ሠዋሁት። ጥፍሬ ሥር ሽታው ገባ፤ ቦርሳዬ ደግሞ በየቀኑ አንድ ፍሬ እየጨመረ ሄደ። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ መጀመሪያ ራቀች፣ ቀጥላ ቦታ ቀየረች። "ዓሣ" የሚል ስም ወጣልኝ። መምህሬ ስገባ መስኮት ትከፍታለች። ቻልኩት። ከሽታ የሚሄድ ሰው ትንሽ መከራ ይችላል።

ሽታው ዓም ዑስማንም ጋ ደርሷል። አንድ ቀን ከደረጃው ብቅ ብለው አየሩን አሽተቱ።

"ሰመክ?" አሉ። ዓሣ ነው ወይ ማለታቸው ነው።

"ሰመክ፣ ሰመክ" አሉ እትዬ ሰዓዳ ዲሹን በቀሚሳቸው እየጋረዱ። "ለአራሷ።"

"ማሻአላህ!" አሉ ሽማግሌው። በሁለተኛውም ቀን መጡ፣ ሰመክ። በሦስተኛውም። እኛን ድሆች ናቸው ብለው ያስቡ ስለነበር በየቀኑ ዓሣ መብላታችን በጣም አስደነቃቸው። በአራተኛው ቀን ለዓሣው ይሆናል ብለው አራት ሎሚ ይዘው ወጡ። እትዬ ሰዓዳ ድስት በእግራቸው ይዘው መሬት ተቀምጠው ነበር፤ መነሣት አይችሉም። ዓም ዑስማን ዲሹን አዩ፣ ምድጃዋን አዩ፣ ምንም ዓሣ አላዩም። እኔ ዱቄት በጭብጤ እንደያዝኩ ደረቅሁ።

"ሲሊንደር አለ?" አሉ ሽማግሌው።

"የለም።"

"ባለቤቱ ያለኝ ሲሊንደር ነው።" ሎሚዎቹን አስቀመጡ፣ ሌላ የተሰበረ ዲሽ ከጥግ ጎትተው በነፋሱ በኩል አቆሙልንና "ማዕሌሽ" እያሉ ወረዱ። ያን ቀን ሻያችንን በሎሚ ጠጣን።

የእማዬ ወተት በአምስተኛው ቀን መጣ። እትዬ ሰዓዳ ግን እጃቸውን አላላሉም። "ዛሬ የቀረ ገንፎ ነገ ወተት ይሆናል ብለሽ እንዳትጠብቂ" ይሏታል። ናሆም ድምፁ ወፈረ። እኔ በየቀኑ ጭኑን እየጨመቅሁ ኢቃማው ይታደስ አይታደስ እገምት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ዘነበ። ሪያድ ላይ ዝናብ ሲጥል ከተማው ያብዳል፤ ሰው ሁሉ ውኃ የቆመበትን ሸለቆ ሊያይ ድንኳኑን ጭኖ ይወጣል። አባዬ ኪኒን ሊገዛ ሦስት ሱቅ ዞሮ ባዶ እጁን፣ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ተመለሰ።

"አንድ ካርቶን እንኳን የለም። ከሽታ የሚወጣው ሁሉ ጠርጎ ወስዶታል።"

እትዬ ሰዓዳ የኛን ካርቶን ገለበጡት። ሁለት ፍሬ ወደቀ።

"አይደለም" አሉ። "እኔ ቆጥሬ ነው የማነደው። ለዛሬም ለነገ ጠዋትም መብቃት ነበረበት።"

እኔ ምንጣፉን አየሁ።

"ይቅር እትዬ" አለች እማዬ ከአልጋው። ያን ቀን ትኩሳት ቢጤ ነበራት፣ ናሆምም ከጠዋት ጀምሮ ሲነጫነጭ ነው የዋለው፤ ወተቷ የደረቀ መስሏታል። "አልሆነም፤ ደክሜያለሁ። ካልጨመረ ትልቁ ሆስፒታል ይተኛ። እኔን ከያዙኝም ይያዙኝ። ልሂድ፤ እሱ ይዳን።"

አባዬ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። የዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ገባኝ፤ ካርዱ፣ ሚዛኑ፣ ገንፎው፣ ወረቀቱ። የሚሄደው ኢቃማው ያልታደሰው ሕፃን አልነበረም። እማዬ ነበረች።

ቦርሳዬን ከመስማር አወረድኩ። ደብተሮቼን አወጣሁና ኪሱን ምንጣፉ ላይ ገለበጥኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት ፍሬ። ክፍሉን የዓሣ ሽታ ሞላው።

ጥፊ ጠብቄ ጉንጬን አዘጋጀሁ።

"ለከሽታ ነበር" አልኩ። "አባዬ ለሰውዬው ኢንሻአላህ ስላለ። በረሃ ላይ እንዳያልቅብን ብዬ።"

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከሥሩ የወጣው ሳቅም ለቅሶም ነበር። እትዬ ሰዓዳ ፍሬዎቹን በመዳፋቸው አፈሱና አገላብጠው አዩዋቸው።

"አየሽ ወርቅነሽ" አሉ። "አላህ ሲያስቀምጥ በሌባ እጅም ያስቀምጣል።" ወደኔ ዞሩ። "ተነሺ ሌባዬ፣ ዱቄቱን ያዢ። ያላ!"

ጣሪያው ኩሬ ሠርቶ ነበር። አባዬ ሁለቱን ዲሾች ደረቅ ቦታ ላይ አገጣጠማቸው፣ እኔ ከፊት ቆሜ በእማዬ ጥቁር አባያ ነፋሱን ከለልኩ። አንደኛዋ ኪኒን እርጥበት ነክቷት ትርክክ ትርክክ አለችና እምቢ አለች፤ እትዬ ሰዓዳ በቁጣ አይተዋት ደግመው ሲጭሩባት ነደደች። የዚያን ቀን ገንፎ ከሁሉም የበለጠ ጠጠረ፣ ምክንያቱም አባዬም ተቀምጦ አማሰለ። በማግሥቱ ጠዋት ሌላ አራት ነደደ። አንዲት ፍሬ ተረፈች።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሟ ናሆምን ራቁቱን ሚዛን ላይ አኖረችው። ጮኸ። የሚዛኑ ቁጥር ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እሱም እግሩን ያወናጭፋል። እኔ በሆዴ ዝም በል፣ ዝም ብለህ ክበድ እለዋለሁ። እማዬ ውጭ መንገድ ላይ፣ ከእትዬ ሰዓዳ ጀርባ ቆማለች፤ ገብታ ለማየት ድፍረት አጣች። ቁጥሩ ቆመ። ሐኪሟ ካርዱን አየች፣ ሚዛኑን አየች፣ ጻፈች።

"ማሻአላህ። ይሄ ልጅ ምን በላ?"

አባዬ ካርዱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ቆመ፤ ሲቆም የሚሄድበት የጠፋው ይመስላል። እጅጌውን ሳብኩት።

"አባዬ፣ ኢቃማው ታደሰ?"

ዝቅ ብሎ አየኝ። ምን እያልኩ እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ፊቱ ተፈታ፤ ኢቃማ ሲያሳድስ አንድም ቀን እንደዚያ ተፈትቶ አይቼው አላውቅም።

"ታደሰ" አለኝ።

ለእማዬ ለመንገር እኔ ቀድሜ ሮጥኩ። እማዬ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች፤ እትዬ ሰዓዳ ሰው ያየናል ብለው ሳይፈሩ እልልታቸውን ለቀቁት። መንገደኛው ዞሮ አየን።

ከሰዓት በኋላ አባዬ የተዋሰውን ቀይ ምንጣፍ ከታንከሩ አጠገብ ዘረጋ። እማዬም ወጥታ አብራን ተቀመጠች፣ ናሆም ጭኗ ላይ። ዓም ዑስማንም ተጠሩ፤ ሎሚ ይዘው መጡ። አባዬ የተረፈችውን ፍሬ ለእኔ ሰጠኝ፣ ክብሪቱንም። ምድጃዋን ዘረጋሁ፣ አነደድኩ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። አንዲት ኪኒን አንድ ማንቆርቆሪያ ትችላለች።

"ይሄው ከሽታ" አለ አባዬ። እንዳልኳችሁ ዋሽቶ አያውቅም። የዚያን ዕለት ማታ እትዬ ሰዓዳ ቢላውን ከእማዬ ትራስ ሥር አውጥተው በምትኩ ምድጃዋን አጥፈው ከተቱ። "ብረት ከሆነ ይቺ ትበልጣለች" አሉ።

"ምን ሆነሻል?" አለኝ ናሆም ሱቁ ውስጥ። "አይሆንም አልኩሽ እኮ፤ ይሸታል።"

"አይሆንም ያልከው ማንን ጠይቀህ ነው?" አልኩት።

ካርቶኑን ዕቃዎቹ መሃል ከተትኩለት። ከመክተቴ በፊት ግን አንዷን ፍሬ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩ።